ድንኳን ከወጣ ዘፈን የለም

ሰሞኑን ደግሞ ካሜራ የያዙ ልጆች መጡብኝ። «ፋዘር፣ ላሜራ ባንድ የተመሠረተው የት ነው?» አሉኝ። አንዱ ሆቴል ውስጥ ነው ብሏቸዋል፣ ሌላው ስቱዲዮ ነው ብሏቸዋል፣ አንድ ዓይን አውጣ ደግሞ «እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው» ብሎ ሶፋው ላይ ፎቶ ተነስቷል። ውሸት! ኧረ ሰው ምን ነካው? ላሜራ ባንድ የተወለደው ካዛንቺስ፣ ወደ ቂርቆስ መውረጃው ላይ፣ በእኛ እድር ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በድስትና በአግዳሚ ወንበር መሀል ነው። ያዋለደችው ደግሞ ጊታር በየት በኩል እንደሚያዝ የማታውቅ ሴት ናት፤ የሻረግ። እኔ ገብረጻድቃን እባላለሁ፤ የእድሩ ጸሐፊ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ልጆቹ ከዕቃ ቤቱ ይባረሩ የሚለውን ደብዳቤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ታዲያ ከእኔ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

የሻረግን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃታለሁ፤ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። ባሏ ለታ ቄራ ሥጋ ቆራጭ ነበር። በ1979 ክረምት ሞተና ድንኳን ተከልንለት። ድንኳኑ ቀዳዳ ነበረውና ዝናቡ ለቀስተኛው ላይ ወረደ። ሌላ ሴት ብትሆን አንገቷን ደፍታ ታለቅስ ነበር። እሷ ግን የሰባት ዓመት ልጇን ሊካሳን በአንድ እጇ እንደያዘች ብድግ አለችና የእድሩን ዳኛ ጋሽ መርጋን «ባሌ ዕድሜ ልኩን እድር የከፈለው ለዚህ ወንፊት ነው?» አለቻቸው። ለቀስተኛው ሁሉ ክው አለ። ጋሽ መርጋ ብልህ ሰው ነበሩ፤ በአርባው ማግስት ጠርተው «እንግዲያው አንቺ ጠብቂው» ብለው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጧት። ንብረት ያዥ ሆነች። ቁልፉን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አሰረችው፣ ከመስቀሏ ጎን። ከዚያን ቀን ወዲህ በእኛ ድንኳን አንዲት ጠብታ አልገባችም።

ድንኳን የሚበሰብሰው ርጥብ እንደሆነ ሲታጠፍ ነው። የሻረግ አታጥፈውም። ከለቅሶ ሲመለስ በዕቃ ቤቱ አራት ግድግዳ ዙሪያ ገመድ ወጥራ እንደ መጋረጃ ትሰቅለዋለች፤ ሌላ ለቅሶ እስኪመጣ እዚያው ተሰቅሎ ይቆያል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ሁሉም የመጣው ከዚህች ነው።

በ1988 ሊካሳ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ አንገቷ የተሰበረ ጊታር ይዞ መጣ። በሽቦና በሙጫ ጠገናት፤ የተቃጠለ ራዲዮ ፈታትቶም ማጉያ ሠራላት። ጓደኛው ሃድጉ ድራም ስለሌለው ባልዲ ይደበድባል። የእነሱና የእኔ ቤት ግድግዳ አንድ ነው፣ ያውም ጭቃ። ዜና ልሰማ ቁጭ ስል ይጀምራሉ። ትዝታ አይደለ፣ ባቲ አይደለ፣ አንድ ሁካታ! «ሮክ ነው እኮ ጋሽ ገብሬ» ይለኛል ሊካሳ በትሕትና። «ሮክህን ይዘህ ገደል ግባ!» እለዋለሁ። እንዲህ ነበር የምለው። አፌን በቆረጠው።

አንድ ቀን ግድግዳውን በጫማ ስደበድብ የሻረግ ሰማችኝና ሁለቱን ጆሯቸውን ይዛ ዕቃ ቤት ከተተቻቸው። ትንሽ ቆይቼ ጆሮዬን ብጥል ጸጥ ብሏል። ታንቀው ይሆን እንዴ ብዬ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ጩኸቱ መልሶ ሊጥለኝ ደረሰ። ለካ የተሰቀለው ድንኳን ድምፁን ሁሉ እየዋጠው ኖሯል። የሻረግ ደጃፉ ላይ ብርጭቆ እየወለወለች «ታዲያስ ገብሬ፣ አሁንስ ራስህን አመመህ?» አለችኝ።

የባንዱ ሦስተኛዋ፣ ከውሰር የምትባለው ልጅም፣ የመጣችው በድንኳኑ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የተቀደደውን ሸራ ጠግነሽ ነይ ብለው ላኳት። መርፌና ክር ይዛ ገባች፣ ስትወጣ ቤዝ ጊታር መማር ጀምራለች። አባትየው ሁለት ዓመት ሙሉ «ይህ ድንኳን ግን ስንት ቀዳዳ ነው ያለው?» እያሉ ሲጠይቁ ኖሩ። በኋላ ሲያውቁ ምን ይሉ ይሆን ብለን ስንፈራ፣ አንድ ቀን መጥተው በር ላይ ቆመው ሰሟትና «እጇ እንደ እኔ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል» ብለው ተመለሱ።

የሰፈር ሰው ግን እንደ እሳቸው አይደለም። ሃድጉ የእድሩን ትልቅ ድስት ገልብጦ እንደሚመታ ተሰማ። የዕቃ ቤቱ በር ላሜራ ስለነበር «እነዚያ ላሜራ ደብዳቢዎች» ይሏቸው ጀመር፤ ልጆቹ ስድቡን ወደዱትና ስማቸው አደረጉት። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ደብዳቤዬን አነበብኩ። «የሐዘን ዕቃ በተቀመጠበት ቤት ዳንኪራ መርገጥ ሙታንን መናቅ በመሆኑ» የሚል፣ የረቀቀ ደብዳቤ ነበር። ሰው አጨበጨበልኝ፤ እኔም ኮራሁ። «ንብረት ያዧ ቁልፉን ታስረክብ» ተባለ።

የሻረግ ከኋላ ወንበር ተነሳች። «ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ ነው። ደፋር የሆነ መጥቶ ይፍታው!»

ማን ንቅንቅ ይበል? ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«ልጄ አባቱ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት እዚያ ቤት ውስጥ ነው» አለች። «ለሞተ ሰው ድንኳን አለን፣ ድስት አለን፣ ወንበር አለን። በሕይወት ላለ ልጅ ምን አለን? አንድ በር ቢኖረን እሱንም ዝጊ ትሉኛላችሁ። አልዘጋም!»

ጋሽ መርጋ አስታረቁ። ልጆቹ ይጫወቱ፣ ለቅሶ ሲሆን ግን ድንኳን የሚተክሉትና ወንበር የሚሸከሙት እነሱ ይሁኑ አሉ። እኔ ተሸንፌ ዝም እላለሁ? አንዲት መስመር ጨመርኩበት፤ «ድንኳን ከወጣ ዘፈን የለም» ብዬ ደንቡ ላይ ጻፍኩ። ሰፈሩ ለቅሶ ተቀምጦ ጊታር አይሰማም። ይህችንስ የሻረግም ተስማማችባት። ከዚያ ወዲያ ጥሩምባ የተነፋ ጊዜ ከቤቴ ሮጬ ወጥቼ በር ላይ «ድንኳን!» እላለሁ። ዘፈኑ የትም ይድረስ፣ ቃሉ ግማሽ ላይ ይሁን፣ እዚያው ጸጥ ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በእኔ ቤት ሁለቱም ነበሩ። አንድም ቀን አሳልፌላቸው አላውቅም።

በ1993 የመጀመሪያው ካሴት ወጣ። በቃ፣ ከተማው አበደ። ከካዛንቺስ እስከ ቄራ ሙዚቃ ቤቱ ሁሉ ሞንታርቦውን ደጅ አውጥቶ የሚለቀው የእኛኑ ልጆች ነው። ታክሲ ስገባ እነሱ፣ ጠጉር ልቆረጥ ስገባ እነሱ። ስንት ዓመት በጫማ የደበደብኩትን ዘፈን አንድ ቀን ሳላስበው ሳንጎራጉረው ሚስቴ ያዘችኝና እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። በክራርና በማሲንቆ ያደገ ጆሮ ያንን ጊታር ወደደው፤ ምክንያቱም ሊካሳ የሚዘፍነው ስለኛው ሰፈር ነው። ስለ ውኃ ወረፋ፣ ስለ አከራይ፣ ዝም በል ስለሚባል ሰው ይዘፍናል። ጮክ ብሎ ነው የሚዘፍነው፤ ሲዘፍን የሰማ ሁሉ የራሱን ጉሮሮ ይጠርጋል።

ዝነኛ ሆነው ግን ድንኳን መትከል አልተዉም፤ የሻረግ መቼ ትተዋለች! አንድ ጊዜ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እማማ ጀማነሽ የሚባሉ አሮጊት ሞተው ልጆቹ ወንበር ይዘው ገቡ። ለቅሶ የመጣች አንዲት ኮረዳ ሃድጉን ስታይ ራሷን መያዝ አቅቷት «ወይኔ! ወይኔ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ የሟች ቅርብ ዘመድ መሰለቻቸውና ደረት እየመቱ ተከተሏት። ቀብሩ ካለቀ በኋላ እንደ አዲስ ግማሽ ሰዓት ተለቀሰ። የእማማ ጀማነሽ ልጆች «ይህች እናታችንን እንዲህ የምትወድ ልጅ ማን ናት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

እንግዲህ ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። በ1995 ግንቦት፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ሊካሳ ድሬዳዋ ለሚያቀርቡት ዝግጅት መድረኩን ሊያይ ብቻውን ሄዶ እየተመለሰ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ የእኔ ቤት ስልክ ጮኸ። መኪናዋ አዋሽን ሳትሻገር ገደል ገብታለች፤ ሊካሳ የለም። ስልኩን እንደያዝኩ ያ «ገደል ግባ» ያልኩት ቃል ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በእኛ ወግ መርዶ ቀን አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ ሄዶ ያረዳል፤ እስከዚያ ሰው ሁሉ አፉን ይዘጋል። ጋሽ መርጋ «ነገ ማለዳ» አሉ። ግን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ልጆቹ የሚለማመዱበት ሰዓት ነው። የሻረግ ደግሞ ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ዘፈኑ ከቀረ ትጠረጥራለች። ስለዚህ ወንበር የምቆጥር መስዬ ገባሁና ለሃድጉና ለከውሰር በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ከውሰር የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰረች። «ተጫወቱ» አልኳቸው። «እንደ ሁልጊዜው ተጫወቱ። ካቆማችሁ ታውቃለች።» እግዜር ያሳያችሁ፤ ያንን ያልኩት እኔ ነኝ። ተጫወቱ። የሊካሳን ዘፈን ያለ ሊካሳ ጀመሩት።

ሌላም ጣጣ ነበረብኝ። ለማለዳው ድንኳን ያስፈልጋል፤ ድንኳኑን የምታወጣው ደግሞ ቁልፉን አንገቷ ላይ ያሰረችው እናትየው ናት። ወጥቼ እንዲህ ብዬ ዋሸሁ፤ «የሻረግ፣ ቄራ አንድ ሽማግሌ አርፈዋል። የእነሱ እድር ድንኳን ቢያውሱን ብሎ ልኳል።»

«ነፍስ ይማር። ስንት ወንበር ይፈልጋሉ?»

«ያለውን ሁሉ።»

«ሁሉን?» አለች እየሳቀች። «ሽማግሌው ዝነኛ ነበሩ እንዴ?»

 እሷ ገባችና ገመዱን መፍታት ጀመረች። ሃድጉና ከውሰር እየተጫወቱ ናቸው። ድንኳኑ ከአንዱ ግድግዳ ወረደ፣ ከሁለተኛው ወረደ፤ የሚውጠው ሲጠፋ ድምፁ በላሜራው በር ወጥቶ ሰፈሩን ሞላው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳያቆሙ፣ እንዳያቆሙ።

የሻረግ ሸራውን ትከሻዋ ላይ እንደተሸከመች ቆመች። ዞራ አየችኝ።

«ገብረጻድቃን» አለች። ገብሬ አላለችም። «ድንኳን ወርዷል።»

«አዎ።»

«ይጫወታሉ።»

ዓይኔን ወደ ወንበሮቹ አዞርኩ።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ገመዱን ሳልነካ ዝም በሉ እያልክ የምትጮኸው አንተ ነህ። ዛሬ በሩ ላይ ቆመህ ታያቸዋለህ።»

የገዛ ደንቤን ረስቻት ኖሯል። ሰው እንዴት የገዛ እጁን ጽሑፍ ይረሳል? የሻረግ ከውሰርን አየቻት። ከውሰር አቀርቅራ ትመታለች፤ እንባዋ ጊታሩ ላይ ይወርዳል።

«ሊካሳ ነው?» አለችኝ።

የበሩን መቃን ይዤ አንገቴን ደፋሁ። ሃድጉ የድራሙን እንጨት ጣለ። ዘፈኑ ሊቆም ሲል የሻረግ ጮኸች። «አንሳ! አንሳ አልኩህ! የልጄ ዘፈን ነው፤ ግማሽ ላይ አይቆረጥም። ጨርሱት!»

ጨረሱት። ያንን ሸራ ትከሻዋ ላይ እንደተሸከመች፣ ዓይኗ ደርቆ፣ እስከ መጨረሻዋ ምት ድረስ ቆማ ሰማች። ሲያልቅ ነው የጮኸችው። በሕይወቴ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፣ እንደዚያም አፍሬ አላውቅም። ሴቶች እየሮጡ መጥተው ሊይዟት ሲሉ ገፋቻቸው። «በማለዳ እንዳትመጡብኝ! ሰምቻለሁ። ድንኳኑንም የማወጣው እኔ ነኝ፤ የልጄን ድንኳን ሌላ ሰው አይነካም።» አወጣችው፤ ወንበሩንም አንድ በአንድ ቆጥራ ሰጠችን። እኔን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለብዙ ዓመት ገብሬም፣ ገብረጻድቃንም አላለችኝም። «ዋሾ» ሆነ ስሜ።

ልጆቹ በቃን አሉ። ሃድጉ ድራሙን ሊሸጥ ወሰነ። ሐዘን የገባበት ሰው ዓመት ራዲዮ እንኳ አይከፍትምና፣ እድሩም ዕቃ ቤቱ ለዓመት ይዘጋ ብሎ አሰበ። በአርባው ማግስት የሻረግ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ሃድጉ ቤት ሄደች፣ ከዚያም ከውሰር ቤት። ለሁለቱም ያለቻቸው ይህችኑ ነው፤ «ድንኳኑ ደርቋል፣ ሰቅዬዋለሁ። ኑ።»

መጡ። የሰፈሩ ወሬ ሌላ ነበር። «ከል ለብሳ ታስጨፍራለች፣ አንጀት የላትም» ተባለ። ውኃ ቦኖው ጋ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩባት። እሷ እንስራዋን አስቀመጠችና «ልጄን ሞት ወሰደብኝ። ዘፈኑን ደግሞ እናንተ ልትወስዱብኝ ነው? ሞክሩና አያለሁ!» አለቻቸው። ወረፋዋን ጠብቃ ቀድታ ሄደች።

ሁለተኛው ካሴት ከመጀመሪያው የበለጠ ተሰማ። ሊካሳ የጀመራቸውን ዘፈኖች ከውሰር ጨርሳ ዘፈነቻቸው። ከዚያ በኋላ ሮክ የሚጫወት ልጅ በየሰፈሩ በቀለ፤ ሴት ልጆች ቤዝ ግዙልን ብለው አባቶቻቸውን አስጨነቁ። ሰንጋ ተራ አዲሱ ኮንዶሚኒየም ላይ የሚጫወቱ ልጆች አንድ ቀን ጠሩኝና ሄድኩ። የክፍላቸውን ግድግዳ ዙሪያውን አሮጌ የድንኳን ሸራ ሰቅለውበታል። «ላሜራዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር አሉ፤ ለምንድነው ግን ፋዘር፣ ለበረከት ነው?» አሉኝ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። «እንዳይበሰብስ ነው» አልኳቸው።

በ2009 ሰፈራችን ፍረስ ተባለ። ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ እድሩ ግን አልፈረሰም፣ ዕቃው ወደ ሌላ ቦታ ሊጫን ሆነ። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ያንን የሚያህል ሕዝብ ይመጣል ብሎ ማን አሰበ? ሸበቶ፣ ጎረምሳ፣ ጊታር ያዘለች ልጅ፣ ሁሉም ስልኩን ከፍ አድርጎ ቆሟል። ሃድጉ መላጣ ሆኗል። ከውሰር ሁለት ልጆቿን አስከትላ መጣች። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገብተው ያንኑ የሊካሳን ዘፈን ጀመሩ። የሻረግ ደጃፉ ላይ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ደክሟል፣ ምላሷ አልደከመም። የሚያፈርሱት ሰዎች አለቃ መጥቶ «እማማ፣ ቁልፉን ያስረክቡ» አላት።

«በሩን ውሰደው፣ ግድግዳውንም ውሰደው» አለችው። «ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ደፋር ከሆንክ ፍታው።» ሰውየው ፈገግ ብሎ ሄደ።

ጫኚዎቹ ገቡና የድንኳኑን ገመድ ፈቱ። ሸራው ወርዶ ወደ አይሱዙው ሲወጣ ድምፁ እንደዚያን ቀን ሰፈሩን ሞላው። ዛሬ ሰፈር የምለው ፍርስራሽ ነው። የእድሩ አዲሱ ሰብሳቢ፣ ደግ ልጅ ነው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ጋሽ ገብሬ፣ ድንኳን ወጥቷል እኮ። ደንቡስ?» አለኝ። ከውሰርም ከውስጥ አይታኝ እጇን ከክሩ ላይ ልታነሳ ስትል አየሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እኔን እያዩ ነው የሚያቆሙት። የሻረግ ቀና ብላ አየችኝ። 

«ማን ሞተ?» አልኩት ሰብሳቢውን፤ ጮክ ብዬ ነው፣ ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። «ድንኳኑ የወጣው ለማን ነው? እስቲ ንገረኝ፣ ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም…» አለ ደንግጦ።

«ማንም አልሞተም!» አልኩ።  «ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የምሰርዘውም እኔ ነኝ። ከውሰር! ጨርሱት!»

ከውሰር ክሩን መታች፤ ሃድጉ ተከተለ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ አብሮ ዘፈነ። የሻረግ አግዳሚዋን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችልኝ፣ ተቀመጥ ማለቷ ነው። ሄጄ ጎኗ ተቀመጥኩ።

«አሁን ገና እውነት ተናገርክ» አለችኝ። «አንተ ዋሾ።»

ክርኗን ጎኔ ላይ ሰደደችብኝ። «አታልቅስ ገብሬ። ተነስና ወንበሩን ቁጠር፣ ሊሰርቁን ነው።»